ያውቁ ኖሯል? ንጉሥ መጥረጊያ የሚይዝበት በዓል

በሕንድ ኦዲሻ ግዛት፣ በፑሪ ከተማ በየዓመቱ በሚከበረው የራት ያትራ የሠረገላ በዓል ላይ ሠረገሎቹን የሚጠርገው የፑሪ ንጉሥ ራሱ ነው!

«ቼራ ፓሃራ» በተባለው በዚህ ሥርዓት ንጉሡ ባለወርቅ እጀታ መጥረጊያ ይዞ ሦስቱንም ሠረገሎች ተራ በተራ ይጠርጋል፤ የሰንደል መዓዛ ያለው ውኃም ይረጫል። በጃጋናት አምላክ ፊት ንጉሥና ጠራጊ እኩል መሆናቸውን ሕዝብ በተሰበሰበበት ማሳየቱ ነው። ሠረገሎቹ በገመድ የሚጎተቱት ከዚህ በኋላ ነው። የጃጋናት ሠረገላ ብቻ 16 መንኮራኩሮች አሉት።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን፣ የአዲስ አበባ ወጣቶች መንገዱን ጠርገው ለታቦቱ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ሲያልፍም ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ ወደ ፊት ሮጠው እንደገና ይዘረጉታል።