ልጅዎ አድቫንስድ ማት ይግባ? ተረትና እውነታ

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ፣ ልጁ ሚድል ስኩል ሊገባ ሲል ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይደርሰዋል። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት የሚማረው ሒሳብ «ስታንዳርድ» ወይም «አድቫንስድ» ተብሎ ተጽፎበታል። ኢትዮጵያ ለተማረ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። እኛ ዘንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ የሚማረው አንድ ዓይነት ሒሳብ ነው፤ ናቹራልና ሶሻል ተብሎ መለየት እንኳ የሚመጣው ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ወረቀቱን እንደ ደረጃ ካርድ እናነበዋለን፤ አንዱ የጎበዝ፣ ሌላው የሰነፍ። ምርጫውን የሚያበላሹት ተረቶች አብዛኞቹ ከዚህ ንባብ ይነሣሉ።

ተረት 1፦ አድቫንስድ ከባድ ሒሳብ ነው፤ ስታንዳርድ ቀላል።

እውነታ፦ ዋናው ልዩነት ፍጥነት ነው። በመደበኛው መስመር ተማሪው የስድስተኛ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብን በየዓመቱ አንድ አንድ እያለ ይጨርስና አልጄብራ 1ን ዘጠነኛ ክፍል ይወስዳል። በአድቫንስዱ ግን የሦስቱ ዓመት ትምህርት ታጭቆ በሁለት ዓመት ያልቅና አልጄብራ 1 ስምንተኛ ክፍል ላይ ይመጣል፤ ሰባተኛ ላይ የሚያመጡትም አሉ። አልጄብራው ያው አልጄብራ ነው። የሚለያየው ልጁ እዚያ ሲደርስ ያለው ዕድሜና በመንገዱ ላይ የሚያገኘው የመለማመጃ ጊዜ ነው።

ተረት 2፦ ቶሎ የገባ ሁልጊዜ ያተርፋል።

እውነታ፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በሰሜን ካሮላይና የቻርሎት-ሜክለንበርግ ትምህርት ቤቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ መካከለኛ ውጤት ያላቸውን ጭምር ብዙ ተማሪዎች ስምንተኛ ክፍል ላይ አልጄብራ አስገቡ። ቻርልስ ክሎትፌልተር፣ ሄለን ላድና ጃኮብ ቪግዶር የተባሉ ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲመረምሩ፣ እንዲህ የተፋጠኑት ልጆች በአልጄብራ ፈተና ያመጡት ነጥብ መቀነሱን፣ ቀጥሎ ያለውን ጂኦሜትሪ የማለፍ ዕድላቸውም መጥበቡን አገኙ።

ታዲያ ዝግጁነት በምን ይታወቃል? በ2008 ሪፖርቱን ያወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የሒሳብ አማካሪ ቡድን ጣቱን የቀሰረው በክፍልፋይ ላይ ነው። በሮበርት ሲግለር የተመራና በ2012 የታተመ ጥናትም አምስተኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይና ማካፈልን በሚገባ ያወቀ ልጅ፣ የቤተሰብ ገቢና ሌሎች ችሎታዎች ታሳቢ ተደርገውም ቢሆን፣ ሃይስኩል ሲደርስ በሒሳብ እንደሚበረታ አሳይቷል። ይህን እቤትም መፈተን ይቻላል። ሦስት አራተኛ ለግማሽ ሲካፈል ለምን አንድ ተኩል እንደሚሆን በሥዕል ያስረዳል? የ60 ዶላር ጫማ 20 በመቶ ቢቀነስለት 48 እንደሚሆን ያለ ካልኩሌተር ይነግርዎታል? መልሱን አውቆ ምክንያቱን ማስረዳት ካልቻለ፣ የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይሆን ጊዜ ነው።

ተረት 3፦ እንግዲያው ሁሉም እኩል ይማር፤ ማፍጠን ይቅር።

እውነታ፦ ይህም ተሞክሯል። የሳን ፍራንሲስኮ ትምህርት ቤቶች በ2014 አልጄብራ 1ን ከስምንተኛ ክፍል አወጡ። የታሰበው ጥቁርና ላቲኖ ልጆች በዝቅተኛው መስመር እንዳይቀሩ ነበር። አቅም ያላቸው ወላጆች ግን ከፍለው በግል ወይም በኦንላይን ማስተማር ቀጠሉ። በ2024 የከተማዋ መራጮች አልጄብራ ወደ ስምንተኛ ክፍል እንዲመለስ በከፍተኛ ድምፅ ጠየቁ፤ የትምህርት ቦርዱም እንዲመለስ ወሰነ። ዝግጁ የሆነን ልጅ ማቆየት የራሱ ዋጋ አለው።

ተረት 4፦ ስታንዳርድ ከገባ ኢንጂነሪንግ ቀረ።

እውነታ፦ ዘጠነኛ ክፍል አልጄብራ 1ን የጀመረ ተማሪ ጂኦሜትሪን፣ አልጄብራ 2ን አልፎ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፕሪካልኩለስ ይደርሳል። ካልኩለስ ከፈለገ አንድ ዓመት ማካካስ አለበት፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ጂኦሜትሪንና አልጄብራ 2ን አብሮ በመውሰድ ወይም ትምህርት ቤቱ ከፈቀደ በክረምት ኮርስ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለመግቢያ ካልኩለስን ግዴታ አያደርጉም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እንኳ የሚጠይቀው የሦስት ዓመት ሒሳብ ነው፤ አራት ቢሆን ይመከራል። ኢንጂነሪንግን ተወዳዳሪ በሆነ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስብ ልጅ ግን ካልኩለስ ክብደት አለውና የማካካሻው ዕቅድ ዘጠነኛ ክፍል ሳይገባ ይታሰብ።

ተረት 5፦ ገና ሚድል ስኩል ነው፤ ቢወድቅም አይጎዳውም።

እውነታ፦ ሚድል ስኩል የተወሰደ አልጄብራ 1 በብዙ ቦታ እንደ ሃይስኩል ኮርስ ይቆጠራል፤ ውጤቱም ትራንስክሪፕት ላይ ሊገባ ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ወላጅ እንዲህ ያለው ውጤት ከትራንስክሪፕቱ እንዲወጣ መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቂያው ግን ቀነ ገደብ አለው።

ተረት 6፦ ትምህርት ቤቱ ከመደበ፣ አለቀ።

እውነታ፦ ብዙ ወላጆቻችንን የሚጎዳው ይህ ነው። «መምህሩ ያውቃል» ብለን ባደግንበት ባህል ምደባን መጠየቅ ድፍረት ይመስላል። እዚህ ግን ጠያቂ ወላጅ የተለመደ ነው፤ የማይጠይቅ ወላጅ ልጅ ዝግጁ ሆኖ ሳለ ሊታለፍ ይችላል። የሲቪል መብት ታጋዩ ቦብ ሞዘስ በ1982 «የአልጄብራ ፕሮጀክት»ን የመሠረተው የራሱ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤቷ አልጄብራ አለማስተማሩ አነሣስቶት ነው፤ አልጄብራ የማግኘት ዕድልንም ከመምረጥ መብት ጋር አስተያይቶታል። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ነገሩን ለጠያቂ ብቻ ላለመተው ሕግ አውጥተዋል። የቴክሳስ የ2023 ሕግ በአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ከላይኛው 40 በመቶ ውስጥ የሆነ ተማሪ፣ ወላጅ ካልተቃወመ በቀር፣ ስድስተኛ ክፍል አድቫንስድ እንዲገባ ያዛል።

እንግሊዝኛ የሚከብድዎ ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል፤ እንደ ሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያሉት በአማርኛም መረጃ ያወጣሉ። ስለ ራሱ ምደባ ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት።

ለትምህርት ቤቱ አማካሪ የሚቀርቡት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ምደባው በየትኛው ፈተናና ውጤት ተወሰነ? በአድቫንስዱ የትኛው ዓመት ትምህርት ነው የሚታጨቀው? ልጁ ቢከብደው እስከ መቼ ድረስ ውጤቱ ሳይበላሽ መውረድ ይችላል? ስታንዳርድ ቢገባስ በኋላ በምን መንገድ ይሻገራል? መልሶቹን በጽሑፍ ይቀበሉ። የምደባውን ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ ልጅዎን አስቀምጠው ያነጋግሩት፤ የቤት ሥራውን በየማታው የሚሠራው እሱ ነውና።