ላንድሮቨሯ ቤንዚን የምትጨርሰው ለምንድን ነው?

በዚህ ወር በሻይ ቤትም ሆነ በመኝታ ክፍል ስለ ተቋማችን ላንድሮቨር ያልተባለ ነገር የለም። ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች የምንመደበውን ሠልጣኞች መምህራኖቻችን መጥተው የሚያዩን በዚችው መኪና መሆኑ ይታወቃል። የነዳጁ ሂሳብ ከተመደበለት በላይ እየሄደ ስላስቸገረ ግን ራቅ ያሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከጉብኝቱ ፕሮግራም ተሠርዘው ሰነበቱ። እዚያ የተመደበ ጓደኛችን ማንም ሳያየው አስተምሮ፣ ማንም ሳያርመው ይመለሳል ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሐሜቱ ነበር። «ቤንዚኑን የምትጠጣው መኪናዋ ሳትሆን ሾፌሩ ናቸው» የሚል ወሬ ተነዛ። እኛም እውነቱን ለመናገር ወሬውን ሰምተው ከሚስቁት መካከል ነበርን።

አራት ሆነን ነገሩን እንመርምረው ብለን የፊዚክስ መምህራችንን አስፈቀድን። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ሄድን። ጋሼ አልተቆጡም፤ የጉዞ መዝገባቸውን ከመሳቢያ አውጥተው «ልጆቼ፣ መጀመሪያ ይኸን እዩ፤ ከዚያ እኔን ጠይቁ» አሉን።

ስለ መኪናዋ ትንሽ እንበል። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ነው። የኛዋ ሲሪስ 3 የሚባለው ዓይነት አጭሯ ላንድሮቨር ስትሆን፣ ይህ ዓይነት ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ከኛ ዕድሜ እጥፍ ኖራለች ማለት ነው። ሞተሯ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2,286 ሲሲ፣ የቤንዚን ነው። እንደ ዛሬ መኪኖች ኮምፒዩተር የላትም፤ አየርና ቤንዚኑን የሚያቀላቅለው ካርቡራተር፣ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ነው። ይህም ለመርማሪ ይመቻል፤ ብልሽቱ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል፣ አንዳንዴም በአፍንጫ ይሸተታል። እንዲህ ያለች መኪና በጤናዋም ቢሆን ጠጪ ናት፤ በ1 ሊትር 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄድ ደህና ናት ይባላል። የኛዋ በመዝገቡ መሠረት 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር የምትሄደው።

እኛ ወዲያው ካርቡራተሩን ልንፈታ ካቻቪቴ አንሥተን ነበር። መምህራችን ከለከሉን። «ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ሳታውቁ ሸክሙን ትመዝናላችሁ?» አሉን። በ1 ሊትር ስንት ሄደች የሚለው ሂሳብ ሁለት ልኬቶች አሉት፤ አንዱ ሊትር፣ አንዱ ኪሎ ሜትር። አንዳቸው ከተሳሳቱ መልሱ ይሳሳታል፤ ሞተሩ ግን ምንም አላጠፋም።

ስለ ሊትሩ ያደረግነው ይኸ ነው። መኪናዋን በማደያው ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመን ሰልባትዮዋን እስከ አፉ ሞላን። 40 ኪሎ ሜትር ሄደን በዚያው መንገድ 40 ተመለስን፤ በመሄጃ ዳገት የሆነው በመመለሻ ቁልቁለት ይሆናልና አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል። ተመልሰን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀጂ፣ እስከ አፉ ሞላን። ሁለተኛ ጊዜ የገባው ቤንዚን በመንገድ ያለቀው ነው። ከሰልባትዮው ጌጅ ግምት ይልቅ ይህ እጅግ የታመነ ነው።

ስለ ኪሎ ሜትሩ ደግሞ በመንገዱ ዳር የተተከሉትን የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ቆጠርን። ድንጋዮቹ 20 ሲሉ የመኪናዋ ቆጣሪ 18 አለ። እንዴት? ለአጭሯ ላንድሮቨር ከፋብሪካ የሚገጠመው መደበኛ ጎማ 6.00-16 የሚባለው ነበር፤ በኛዋ ላይ የተገጠመው ግን የረጅሟ መኪና 7.50-16 ነው። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው ዙሩን ስለሆነ መንገዱን ያሳንሰዋል። ስለዚህ ከብክነቱ ገሚሱ ሳይሆን የተወሰነው ክፍል ከመጀመሪያውም የለም፤ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። በሙከራው 80 ኪሎ ሜትር ሄደን 18 ሊትር አለቀ። በቆጣሪው ግን የሄድነው 72 ነው። 72 ለ18 ሲካፈል 4 ይመጣል፤ ልክ መዝገቡ እንደሚለው! ቤንዚን ተሰርቆ ቢሆን ኖሮ በመዝገቡ ያለው ቁጥር እኛ ባለንበት፣ መምህር ባለበት ከተገኘው ቁጥር ያነሰ መሆን ነበረበት። አንድ ሆኑ። ወሬው በዚሁ አለቀ፤ ቢያንስ በኛ ዘንድ። የሚቀረው ትክክለኛው 4.4 ለምን 6 አልሆነም የሚለው ነው።

ከዚህ በኋላ ከሞተሩ አልጀመርንም፤ የተሠራው ኃይል የት እንደሚጠፋ ለማየት ከጎማ ጀመርን። ጎማው በልኩ መነፋቱን አየን፤ ደህና ነው። ቀጥሎ ጋሼ ራሳቸው «መሪዋ በዚህ ክረምት ከብዶኛል» ያሉት ነገር ትዝ አለን። በዚች መኪና ውስጥ አራቱንም ጎማ የሚያስነዳ ቢጫ ቁልፍ አለ። ወደ ታች ሲጫኑት የፊት ጎማዎችም መንዳት ይጀምራሉ። ቢጫው እንዲለቅ ቁልፉን መሳብ አይጠቅምም፤ መኪናዋን አቁሞ ቀዩን ዘንግ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ፊት መመለስ ያስፈልጋል። ጋሼ ይህን ያውቃሉ፤ ቁልፉም ተነሥቶ ነበር። ለካ ውስጥ ያለው ዘንግ በጭቃና በዝገት ተይዞ ስላልተመለሰ፣ የፊት ጎማዎች ክረምቱን ሙሉ ሲነዱ ኖረዋል። በጭቃ ላይ ይህ ጥቅም ነው፤ በደረቅ መንገድ ግን በየመታጠፊያው የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት መንገድ ስለሚለያይ እርስ በርስ ይጎታተታሉ፤ ቤንዚንም ጎማም ይበላሉ።

ይህን ያረጋገጥንበት መንገድ ቀላል ነው። የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ደግፈን፣ የእጅ ፍሬኑን ስበን፣ ማርሹን ባዶ አድርገን አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አነሣነው። የተለቀቀ ቢሆን በእጅ ይዞር ነበር፤ አልዞር አለ። (እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለን። የዚች መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ሳይሆን ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ነው። አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ከመሬት ከተነሣ መኪናዋ ልትንሸራተት ትችላለች። ድንጋይ ሳይደግፉ ሥሯ መግባት አይገባም።) ዘንጉ ተፈትቶ፣ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ ሲመለስ ያንኑ 80 ኪሎ ሜትር በ16.5 ሊትር ሄደች።

ከዚያ ጉዞ እንደ ተመለስን ታምቡሮቹን አንድ በአንድ በእጃችን ጀርባ ቀረብ ብለን ሞከርናቸው። ሦስቱ ለብ ብለዋል፤ የኋላ ቀኙ ያቃጥላል። ፍሬኑ እየያዘ ነበር። ሲስተካከል 15.9 ሊትር ሆነ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ካንዴላ የሞተር ምላስ ነው ማለት ይቻላል፤ ሐኪም ምላስህን አሳየኝ እንደሚል ካንዴላ አውጥቶ ማየት ነው። ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ ዘይት ያረጠበው ጥቁር ከሆነ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል። የኛዎቹ አራቱም በደረቅ ጥላሸት ተሸፍነዋል።

ቤንዚን ለምን ይበዛል? 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ወደ 15 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ካርቡራተር ግን አየሩን አይመዝነውም፤ አየሩ በጠባቡ አንገት ሲያልፍ በሚቀንሰው ግፊት ነው ቤንዚኑን የሚስበው። በደጋ አየሩ ስስ ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው ወደ አራት አምስተኛ ይወርዳል፤ የሚሳበው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። በቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ከተገቢው ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ቤንዚን የሚያበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ አነስ ያለ የነዳጅ ማለፊያ ቀዳዳ ያለው ዕቃ መቀየር ነው መፍትሔው።

በኛዋ ላይ ግን ሌሎችም ነበሩ። በብርድ ማስነሻው የአየር መዝጊያ፣ ቾክ የሚሉት፣ ገመዱ ተይዞ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ዘይት ያለው የአየር ማጣሪያ በአቧራ ጭቃ ሆኗል። ሞተሩን በልኩ የሚያሞቀው ቴርሞስታት ጭራሽ የለም፤ ከዚህ ቀደም አንድ ጋራዥ «ሙቀት እንዳያስቸግርሽ» ብሎ አውጥቶታል። ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚኑ በደንብ ወደ እንፋሎት ስለማይለወጥ ብዙው ሳይነድ ይወጣል። ፑንቲናውም ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቷል፤ መሆን ያለበት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። የካርቡራተሩ ክዳን ደግሞ በሙቀት ተጣሞ፣ ከሥሩ ያለው ክብ ላስቲክ ደርቋል፤ ቤንዚን በማይገባው መንገድ እያለፈ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናዘዝ። አንድ ነገር አስተካክሎ፣ ለክቶ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ማለፍ ነበረብን። ቅዳሜ ነበርና ቸኮልን፤ ቾኩን፣ ማጣሪያውን፣ ፑንቲናውን በአንድ ቀን አስተካከልን፤ ክዳኑንም በመስተዋት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርገን አቀናነው። በማግሥቱ 80ው ኪሎ ሜትር በ13.2 ሊትር ተሄደ። በ1 ሊትር ከ6 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፈ ማለት ነው። ደስ አለን፤ ነገር ግን ከአራቱ የትኛው ምን ያህል እንደ ረዳ ዛሬ ብትጠይቁን አናውቅም። መምህራችን ለዚህ ማርክ ቀንሰውብናል።

ጋሼን ይቅርታ ጠየቅናቸው። «እኔን ሳይሆን ቆጣሪውን ነው ያላመናችሁት፤ ደግ አደረጋችሁ» ብለው ሳቁ። በመዝገባቸው ላይ አሁን «በድንጋይ የተለካ ኪ.ሜ.» የሚል አዲስ ዐምድ ተሰምሯል። ከተሠረዙት ትምህርት ቤቶች ሁለቱ ወደ ፕሮግራሙ ተመልሰዋል፤ ሦስተኛው በሚመጣው ወር ይታያል ተብሏል።

የካርቡራተሩ ላስቲክ ግን ያው አሮጌው ነው፤ በከተማችን አልተገኘም። ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ካላችሁ ናሙናውን ከጋሼ ዘንድ ወስዳችሁ በመለዋወጫ ሱቆች ብትጠይቁልን፤ ቴርሞስታትም ካገኛችሁ እንዲሁ።