ማርሽ እምቢ ሲል መጀመሪያ ግራ እጅዎን ይጠይቁ

በከፋ ዝናቡ ብዙ ወር ይዘልቃል። ቀዩ አፈር ሲርስ ደግሞ ጎማውም ካቴናውም ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ከቢታ ገነት ተነስቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወጣ ሞተር ሳይክል በዚህ መንገድ ቀኑን ሙሉ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይውላል፤ ፍሪሲዮኑም በየደቂቃው ይጨበጣል፣ ይለቀቃል። አንድ ቀን ማርሹ አልገባ ሲል ታዲያ ባለቤቱ «በቃ፣ ካምቢዮው ሄደ» ብሎ ይደመድማል። ብዙ ጊዜ ግን ካምቢዮው ምንም አልሆነም።

ማርሽ መቀየር የእግር ሥራ ቢመስልም ግማሹ የግራ እጅ ነው። ካምቢዮ ውስጥ የማርሾቹ ጥርሶች ሁልጊዜ እንደተያያዙ ናቸው። ፔዳሉን ስንረግጥ ሹካዎች አንዱን ማርሽ ወደ ጎን ይገፉታል፤ ጎኑ ላይ ያሉት ጉጦችም ከአጠገቡ ማርሽ ጋር ይቆላለፋሉ። ይህ እንዲሆን ፍሪሲዮኑ የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው ሙሉ በሙሉ መለየት አለበት። በግማሽ ብቻ ከለየው ጉጦቹ እንደተጨናነቁ ይቀራሉ፤ ያኔ እግር ቢረግጥም ማርሹ አይገባም፣ የገባውም አይወጣም።

ጥፋቱ የፍሪሲዮን ይሁን የካምቢዮ ለመለየት መፍቻ አያስፈልግም። ሞተሩን ያጥፉና ፍሪሲዮኑን ጨብጠው፣ ሞተር ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ ትንሽ እየነቀነቁ ማርሾቹን አንድ በአንድ ያስገቡ። መነቅነቁ ግድ ነው፤ ሞተር ጠፍቶ ቆሞ ሳለ ጉጦቹ ትይዩ ካልሆኑ ደህናውም ማርሽ አይገባም። ሁሉም በሰላም ከገቡ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን የሚያስቸግሩ ከሆነ ፍሪሲዮኑን ይጠርጥሩ። ሞተሩ እየሠራ ቆመው ፎሌ አልገኝ ካለ፣ ሲያጠፉት ግን ወዲያው ከተገኘም ያው ነው። ፍሪሲዮን እንደተጨበጠ አንደኛ ማርሽ ላይ ወደፊት የሚሳብ ሞተር ሳይክልም ያንኑ ይናገራል።

ቀጥሎ ካቦው ነው። የብዙ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች መመሪያ የፍሪሲዮን እጀታ ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ልል እንዲሆን ይመክራል። ከዚያ በላይ ከላላ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለይም። ጭራሽ ልል ካልሆነ ደግሞ ሳይጨበጥም ይንሸራተታል፦ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም፣ ዳገት ላይ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። የካቦውን ሁለት ጫፎች አይተው ክሩ መበጣጠስ ከጀመረ ሳይበጠስብዎ ይለውጡት። ጭቃ የገባበት ካቦ ሲጨበጥም ሲለቀቅም ይከብዳል፤ ዘይት ጠብ ጠብ ቢደረግለት ይሻላል።

ከዚያ ወደ ፔዳሉ ጎንበስ ይበሉ። በጭቃ የወደቀ ሞተር ሳይክል ፔዳሉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ካርተሩን ወይም የእግር ማስቀመጫውን እየነካ ጉዞው ያጥራል፣ ማርሹም ሳይሞላ ይቀራል። ፔዳሉን ዘንጉ ላይ የሚያጠብቀው ብሎን ከላላ ጥርሱ ይበላል፣ ፔዳሉም በባዶ ይሽከረከራል። ይህ ብሎን በጊዜ ቢጠብቅ ኖሮ ወጪው ምንም ነበር። ከተረገጠ በኋላ ወደ ቦታው የማይመለስ ፔዳል ካጋጠመዎት አስቀድመው ዘንጉ ዙሪያ የደረቀውን ጭቃ ያጽዱ። ያም ካልረዳ የመመለሻው ሞላ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ሞላው ያለው ከፍሪሲዮን ክዳን ጀርባ ስለሆነ ሞተሩን ለሁለት መክፈል አያስፈልግም። «ሞተሩ ይውረድ» የሚል መካኒክ ካለ ምክንያቱን ይጠይቁት።

ስለ ቦቲ ጫማም አንድ ነገር ልበል። በክረምት ያለ ቦቲ አይወጣም፤ ነገር ግን ወፍራሙ አፍንጫው ከፔዳሉ ሥር በደንብ አይገባም፣ እግርም ማርሹ መሙላቱን አይሰማም። ማርሹ የሚያስቸግረው ቦቲ ሲያደርጉ ብቻ ከሆነ የፔዳሉን ከፍታ ያስተካክሉ።

ዘይት የሚታየው ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋሩት አንድ ዘይት ነው። ስለዚህ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ሰበቃ ቀናሽ ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል፤ ሲገዙ ለሞተር ሳይክል መሆኑን የሚያሳየውን የጃሶ ኤም ኤ ምልክት ይፈልጉ። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ሳይውል ሳያድር ይቀየር። ሲፈስም በጨርቅ ያጣሩት። እንደ አቧራ የደቀቀ ብረት የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስንጣሪ ካገኙ ግን ሞተሩን አያስነሱት።

ካቴናውም ሳይታይ አይታለፍ። በጣም የላላ ካቴና ማርሽ በተቀየረ ቁጥር «ቋ» ያደርጋል፣ ሰው ግን ካምቢዮውን ይወቅሳል።

እውነተኛ የካምቢዮ በሽታ የራሱ ጠባይ አለው። አንድ የተወሰነ ማርሽ፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው፣ ጉልበት ሲሰጡት እየተፋ ወደ ፎሌ ከተመለሰ፣ ካቦው፣ ፔዳሉና ዘይቱ ደህና ሆነውም ካልቀረ፣ ጉጦቹ ተበልተዋል ወይም ሹካው ጠምሟል። ይህ ሳይከፈት አይድንም። መለዋወጫው ከቦንጋ ወይም ከጅማ ሊመጣ ስለሚችል ዕቃው ሳይገኝ ሞተሩ አይፈታ፤ ጓርኒሲዮንም አብሮ ይታዘዝ። ለመካኒኩ «ማርሽ እምቢ አለ» ብቻ ብለው አይተዉት። የትኛው ማርሽ እንደሆነ፣ ሲሞቅ ይሁን ሲቀዘቅዝ፣ ሲጨምሩ ይሁን ሲቀንሱ ይንገሩት። ሥራው ሲያልቅም የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተቀብለው በዓይንዎ ይዩት።