ደረጃው ለማን ተሠራ?

መጋቢት 3 ቀን 1982 ዓ.ም. በዋሽንግቶን ከተማ 60 ያህል አካለ ስንኩላን ተሽከርካሪ ወንበራቸውንና ምርኩዛቸውን ጥለው የአሜሪካን ምክር ቤት ደረጃ እየዳኹ ወጡ። የጠየቁት ሕግም ሐምሌ 19 ቀን ተፈረመ። በደንቡ መሠረት አንድ ሜትር ከፍታ ላለው መግቢያ ቢያንስ 12 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት መተላለፊያ ያስፈልጋል።

ሕጉ ግን አስተያየት አለው፤ ከምድር ወለሉ ጋራ ከሦስት ደርብ በታች የሆነ የግል ንግድ ቤት አሳንሰር እንዲያስገባ አይገደድም። የሐኪም ቤት ከሆነ ግን ይገደዳል፤ ሕመምተኛ የሚታከምበትን ደርብ አይመርጥምና። አሳንሰር የቀረለትም ሕንፃ ቢሆን በሩ ለሁሉም የሚያስገባ መሆን አለበት።

የእኛም አገር የሕንፃ አዋጅ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲበጅ አዟል። ስለዚህ ነገ የሕንፃ ፕላን መርምራችሁ የምትፈርሙ ወጣቶች፥ «ይህ ይቅርለት» ከማለታችሁ በፊት ከደረጃው ሥር የሚቀረው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።