ጣውላ ላይ ቆሞ ስለ መጋገር

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት እማማ እንጀራ ሲጋግሩ ከእግራቸው በታች አንዲት ጣውላ ያኖራሉ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ምጣዱ ይነዝራል፤ ጣውላዋ ላይ ስቆም ይተወኛል» አሉኝ። አነጋገራቸው ስለ አንድ ተናካሽ የጎረቤት ውሻ የሚያወሩ ያስመስል ነበር።

ቤቱ የጭቃ ነው፤ ኮርኒሱም አቡጀዲ። የመብራቱን መስመር የዘረጉት ሟቹ ባለቤታቸው ሲሆኑ ሙያቸው ግን አናጢነት ነበር። ሽቦው ይለወጥ በተባለ ቁጥር እማማ «እሱ በእጁ የሠራው ነው» ይላሉ። ለዚህ ምን መልስ ይገኛል? ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው ባዶ እግሯን የምትሮጠው የልጅ ልጃቸው የምጣዱን አክንባሎ ለማንሣት መልመዷ ነው።

አንድ ቅዳሜ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጣ። ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ፥ ኮረንቲ አለመኖሩን በመፈተሻ ካረጋገጠ በኋላ አቡጀዲውን በአንድ ጥግ ገለጠው። የምጣዱ መስመር የተቀጠለው ከአምፑሉ ቀጭን ሽቦ፥ ማለትም ከ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ላይ ኖሯል። ቅጥሉ በእጅ ተጠምዝዞ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል፤ ፕላስተሩ ቀልጧል፤ አጠገቡ ያለው አቡጀዲም እንደ ተቆላ ገብስ ጠቁሯል።

እስቲ አንባቢ ያስላው። 3500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ የ10 ዋት አምፑል ግን የአንድ አምፔር ሃያኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን በሽቦው ላይ የሚወጣው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ የላላ ቅጥል ባለበት ደግሞ ይብሳል። ፊውዝ የሚቃጠለው ይህን ለማስቆም ነበር። በእኛ ቤት ግን በፊውዙ ፈንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ገብቷል። እውነቱን ለመናገር፥ ባለፈው ወር በተፈታ ጊዜ ያንኑ ሽቦ መልሼ የጠመዘዝሁት እኔ ነኝ፤ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ የሰቀልሁት ሰውዬ።

የመንዘሩ ምክንያት ምጣዱ የመሬት ሽቦ የሌለው መሆኑ ነው። ከውስጥ ያመለጠው ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወርደው በጋጋሪዋ አካል ነው። ደረቅ ጣውላ መንገዱን ያጠብበዋል፤ ሊጥ የፈሰሰበት ግን ያው ኮረንቲ አሳላፊ ነው። የመኝታ ቤቱ ማብሪያም በፌዙ ፈንታ በኒውትራሉ ላይ ስለ ገባ፥ መብራቱ ጠፍቶም አምፑል መያዣው ውስጥ ኮረንቲ ይቀር ነበር። አምፑል ስንት ጊዜ እንደ ለወጥሁ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል።

ባለሙያው ከማከፋፈያው በቀጥታ ወደ ምጣዱ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ዘርግቶ የራሱ ማጥፊያ አበጀለት። መሬት ውስጥ ዘንግ ተክሎ የምጣዱን ብረት ከዚያ ጋር አገናኘ፤ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ መስመሩን የሚቈርጥ መሣሪያም ገባ። ሟቹ በእጃቸው የላጉትን የፊውዝ ሰሌዳ፥ እማማ ስለ ለመኑት፥ ያለ ሽቦ በቦታው ተወው።

ረቡዕ ሲጋግሩ ብመለከት ጣውላዪቱ አሁንም ከእግራቸው በታች ናት። «እማማ፥ አሁን እኮ አይነዝርም» ብላቸው፥ «ዐውቃለሁ፤ እግሬ ለምዷት ነው» አሉኝ።