የትምህርት ቤቱ በጀት የት ይወሰናል?

የፌዴራሉ በጀት ለፓርላማ በቀረበ ቁጥር «ለመንገድ ሲሆን ገንዘብ አለ፣ ለትምህርት ሲሆን የለም» የሚል ቁጣ ይነሳል። ቁጣው ተገቢ ነው፤ አድራሻውን ግን ይስታል። ከፌዴራሉ የትምህርት በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። በክልሎች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚኖረው በወረዳ በጀት ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ በጥቅል ድጎማ ይወርዳል። ለትምህርት፣ ለጤናና ለግብርና አከፋፍሎ የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው።

ለትምህርት ከሚደርሰው ገንዘብ ውስጥ አብዛኛው በመምህራን ደመወዝ ያልቃል። ለጠመኔና ለወንበር ጥገና የምትተርፈው ጥቂት ናት፤ ወላጅ መዋጮ የሚጠየቀውም አንድም ለዚህ ነው። ስለዚህ «የትምህርት በጀት ጨመረ» ሲባል እኔ ቶሎ አላጨበጭብም፤ ከደመወዝ ውጭ ስንት ጨመረ? ይህን ወረዳችሁን ጠይቁ፤ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነውና በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ይሁን።