ጭሱ ወጥቶ ሽታው ሲቀር

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ የሽቶ ሽታ ነው። መስታወቱ ሥር የካርቶን ሽቶ ተንጠልጥሏል፤ ወንበሩም ተረጭቶበታል። ሳምንት ሳይሞላ ሽቶው ይደክምና የሲጋራው ሽታ ከሥሩ ብቅ ይላል። ሲጋራ ሲጨስበት የኖረ ቤት የተከራየ ሰውም የሚገጥመው ይኸው ነው። መስኮት ከፍቶ አናፍሷል፣ ወለሉን አጥቧል፣ ዕጣን አጭሷል፤ ሽታው ግን አለ። አየሩ በየደቂቃው ቢቀየርም ለውጥ አይመጣም፤ ሽታው የተቀመጠው ግድግዳው፣ መጋረጃውና ወንበሩ ላይ ነውና።

ጭስ የጋዝና እጅግ የደቀቀ ብናኝ ድብልቅ ነው። የሲጋራ ጭስ ብናኝ አብዛኛው ከ1 ማይክሮን ያንሳል፤ ይህ ከፀጉር ውፍረት በብዙ አሥር እጥፍ የቀጠነ ነው። ስለዚህ የጨርቅ ክር ውስጥ፣ የምንጣፍ ሥር፣ የቀለም ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ኒኮቲንና ዝፍት መሰሉ ቅሪትም ያገኙት ነገር ላይ ይለጠፋሉ። የገጠር ኩሽና ጣሪያ ላይ የተጋገረውን ጥቀርሻ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የአጫሽ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው የዚያው ዘመድ ነው፣ ስስ ስለሆነ ብቻ ቶሎ አይታይም። ይህ ቅሪት ሙቀት ሲያገኝ እንደገና ይተንና ወደ አየሩ ይመለሳል። ማለዳ ምንም የማይሸት መኪና እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲከፈት የሚያፍነው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ የአፍንጫ ምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበኝ። በ2010 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ዕቃ ላይ የተለጠፈ ኒኮቲን አየር ውስጥ ካለ ናይትረስ አሲድ ጋር ሲገናኝ ካንሰር አምጪ ውህዶች እንደሚፈጠሩ አሳይተዋል፤ እነዚህኑ ውህዶች አንድ አጫሽ በሚነዳው መኪና ውስጥም አግኝተዋቸዋል። ምንጣፍ ላይ የሚድህና እጁን አፉ የሚከት ሕፃን ከማንም በላይ የሚጋለጠው ለዚህ ነው።

ጽዳቱ የሚጀመረው ከጨርቅ ነው። መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ የሶፋ ሽፋን፣ የሚታጠበው ሁሉ ይታጠብ፤ አንድ ጊዜ ታጥቦ ከሸተተ ይደገም፣ ፀሐይም ይምታው። የማይታጠበው ሶፋና ምንጣፍ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ማሳደርና በነጋታው በቫክዩም መሳብ ይረዳል። ከዚያ ግድግዳውና ጣሪያው ይቀጥላሉ። ብዙ ሰው ጣሪያውን ይተወዋል፤ ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ግን ብዙውን ጊዜ የባሰው ቅሪት እዚያ ነው። ኒኮቲን የአልካላይ ባሕርይ ስላለው አሲድ የሆነው አቼቶ በደንብ ያስለቅቀዋል። እኩል በእኩል በለብ ያለ ውሃ በጥብጦ፣ መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሮ፣ በጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ ሽታው የት እንደነበር በዓይን ይታያል። እብነ በረድን ግን አቼቶ ይበላዋል፤ በሳሙና ብቻ ይጽዳ። አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፦ አቼቶና በረኪና ፈጽሞ አይቀላቀሉ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ከቃጠሎ የተረፈ ቤት ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይለያል። ጥላሸት ቅባት ስላለው በእርጥብ ጨርቅ ቢነካ ተለጥፎ ይቀራል፤ ቀድሞ በደረቁ ይነሣ፣ ውሃው በኋላ ይምጣ።

ቤቱን እንዲሁ ቀለም መቀባት አያዋጣም። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ሳይታጠብ ከተቀባ ቢጫው ሰርጎ ይወጣል፤ ሽታውም ይከተለዋል። ግድግዳው ታጥቦና ደርቆ፣ በመጀመሪያ እድፍ የሚያፍን የዘይት ቅብ ቢያርፍበት፣ ቀጥሎ የተፈለገው ቀለም ቢመጣ ነው ገንዘቡ የማይባክነው።

መኪና ጠባብ ስለሆነ ሥራው ይቀላል የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ጭሱ በጠባብ ቦታ የተጠቀጠቀ በመሆኑ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሲጋራ መተርኮሻው ባዶ ይደረግና ይታጠብ። የመስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ ያለው ስስ ቅባት በአቼቶ ውሃ ይጠረግ። የደኅንነት ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ በሳሙና ውሃ ይታሽና እዚያው ተዘርግቶ ይድረቅ፤ አጣቢዎች ይህን አዘውትረው ይረሱታል። የጣሪያው ጨርቅ በሙጫ የተያያዘ ስለሆነ ከራሰ ይንጠለጠላል፤ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ቀስ ብሎ መንካት ይበቃል። ከሁሉም የሚዘነጋው የኤሲው የአየር ማጣሪያ ነው። በብዙ መኪኖች ከጋቢናው ተሳፋሪ ፊት ካለችው ሣጥን ጀርባ ይገኛል። አሮጌው እዚያው ካለ፣ ኤሲ በተከፈተ ቁጥር ሽታው ወደ ውስጥ ይነፍሳል። ወጪው ከተቻለ አክቲቭ ካርቦን ያለው ይገባበት፤ የዚህ ካርቦን 1 ግራም ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር የውስጥ ገጽ ስላለው ሽታን ይዞ ያስቀራል። የምድጃ ከሰልም በዕቃ ተደርጎ ቢቀመጥ ጥቂት ይረዳል፤ ኃይሉ ግን ከዚህኛው ጋር አይወዳደርም።

በአንዳንድ የመኪና እጥበት ቤቶች ሽታውን በኦዞን ማሽን የማጥፋት አገልግሎት ይሰጣል። ኦዞን ሳንባን ያቆስላል፣ ጎማ ነክ ክፍሎችንም ያደርቃል፤ ሰው ባለበት ፈጽሞ መሠራት የለበትም። ደግሞም ከላይ ያለው ቅሪት ሳይታጠብ ማሽኑ ብቻውን ዘላቂ ውጤት አያመጣም።

ዕጣንና ወይራ ለእኛ የክብር ሽታ ናቸው፤ ቡና ሲፈላ ቢጨሱ ማን ይጠላል? ነገር ግን የሲጋራ ሽታ ለማጥፋት ሲባል ሌላ ጭስ መጨመር አሮጌው ቅሪት ላይ አዲስ መደረብ ነው። ከሰልን በተዘጋ ቤት ማንደድ ደግሞ ከሽታም ያለፈ አደጋ አለው፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም።

ቤቱ ውስጥ የኖረ ሰው አፍንጫው ስለሚለምድ በራሱ ፍርድ አይተማመን። ከውጭ የመጣ ሰው ይጠየቅ፤ እሱ ገና ይሸታል ካለ ሥራው አላለቀም።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዝግ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታዎች፣ በሕዝብ ማመላለሻም ማጨስን ከልክሏል። የሳሎናችሁን ደንብ የምታወጡት ግን እናንተ ናችሁ። ልጅ ባለበት ቤትና መኪና ውስጥ አታጭሱ፤ የተከበረ እንግዳም ቢሆን ወደ ደጅ ወጥቶ እንዲያጨስ ሳታፍሩ ንገሩት።